የፖስታው ጀርባ

በዚያ ቤት አምፑል አንድ ብቻ ነበር። ክፍሉ ሦስት፣ አምፑሉ አንድ። እራት ላይ ወጥ ቤት ይበራል፤ ከእራት በኋላ ልጆቹ ሲያጠኑ ወደ እነሱ ክፍል ይሻገራል፤ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ትልቋ ልጅ በአሮጌ ካልሲ ይዛ ትፈታውና እናትና አባቷ ክፍል ታስገባዋለች። "ተነሱ፣ ተነሱ፣ እንግዳ ገብቷል" ይላል አባትየው ወንበሩን እየለቀቀ። ልጆቹ ይስቃሉ። እናትየው አትስቅም። አምፑል ሦስት ከሆነ ሦስቱም ይበራል፣ ማጥፋት ይረሳል፤ አንድ ከሆነ ግን የሚረሳው የለም። ይህን ሕግ ያወጣችው ቤቱን በባንክ ብድር የገዙ ዓመት ነው። ትልቋ ያኔ ገና ትድህ ነበር። አሁን ኮሌጅ ገብታለች፣ ሕጉ ግን እንዳለ አለ።

ሰፈሩ "ገንዘብ ያዧ" ይላታል። መጀመሪያ ባሏ ነው ለቀልድ ያወጣላት፣ ከዚያ ልጆቹ ተቀበሉት፣ ከዚያ ጎረቤቱ። ሥራዋ ላውንደሪ ቤት ልብስ መተኮስ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ትተኩሳለች፤ እግሯ ከቀትር በኋላ ያብጣል፣ ቀኝ እጇ ከካውያው ሙቀት የተነሳ ከግራው ይጠቁራል። ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። መሰላል ላይ የኖረ ሰው። ሲቀልድ "እኔ ከሰማይ ግማሽ መንገድ ደርሼ ነው በየቀኑ የምመለሰው" ይላል።

የተረፈ ነገር በዚያ ቤት አይጣልም። የሳሙና ቅሪት ተሰብስቦ፣ ተፈጭቶ፣ እንደገና ሳሙና ይሆናል። የጥርስ ሳሙናው አልወጣ ሲል በመቀስ ይቀደድና አንድ ሳምንት ይከርማል። ዳቦ ማታ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ነው የሚገዛው፣ የዋለው በግማሽ ዋጋ ስለሚሸጥ። አውቶቡስ ከቤቱ አጠገብ ካለው ፌርማታ ሳይሆን ሦስተኛው ላይ ይሳፈሩታል፣ ከዚያ ሲሳፈሩ ሒሳቡ ይቀንሳልና። ግድግዳውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቀለም ቀቢው ከየሥራው በጣሳ ቂጥ የተረፈውን ያመጣል፤ ስለዚህ ወጥ ቤቱ እስከ ወገቡ የጥርስ ሐኪሙ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ በላይ የጫማ ሱቁ ቢጫ፣ የልጆቹ ክፍል በር አጠገብ ደግሞ አንድ ክንድ የማይሞላ የአንዲት ባለጸጋ መኝታ ቤት ሐምራዊ አለ። ትንሿ ልጅ ስትናደድ "የኛ ቤት እኮ የራሱ ፊት የለውም፣ የሁሉንም ሰው ፊት ለብሷል" ትላለች።

"ሲያልቅ አንድ ዓይነት እንቀባዋለን" ትላታለች እናቷ።

ሲያልቅ። በዚያ ቤት ሁሉ ነገር ሲያልቅ ነበር የሚሆነው። ትልቋ ጫማ የምትቀይረው፣ ትንሿ ለብቻዋ አልጋ የምታገኘው፣ ባሏ የሚያርፈው።

ገንዘብ ያዧ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍልን አጋምሳ ነው የተወችው። ፊደል ታውቃለች፣ ግን የሰው ጽሑፍ ማንበብ ድንጋይ እንደ መፍለጥ ይሆንባታል። ቁጥርም በወረቀት ላይ ሲሆን ይሸሻታል፤ በእጇ የምትይዘው ነገር ሲሆን ግን ማንም አያታልላትም። ስለዚህ ዕዳውን በአዝራር ቆጠረችው። ላውንደሪ ቤት ከሰው ሸሚዝ የሚወድቅ፣ ማታ ሲጠረግ የሚገኝ፣ ባለቤቱ የማይጠይቀው አዝራር ብዙ ነው። ሃያ ዓመት ሁለት መቶ አርባ ወር ነው፤ ሁለት መቶ አርባ አዝራር ሰብስባ በወተት ጣሳ ከተተች። በየወሩ ባንክ ሄዳ ስትከፍል አንድ አዝራር ከወተቱ ጣሳ አውጥታ ወደ ብስኩቱ ጣሳ ትጥላለች። የሆቴል አንሶላ በዝቶ ትርፍ ሰዓት የሠራች ጊዜ፣ ገንዘቡ ተጠራቅሞ አንድ ወር የሚከፍል ሲሆን፣ ያንንም ወስዳ ትከፍልና አንድ አዝራር ትጨምራለች። በዚህ ዓይነት አሥራ አራት አዝራር አስቀድማለች። አንድ ክፍያ፣ አንድ አዝራር። እሷ የምታውቀው ይሄን ነው፤ እስከ መጨረሻዋ አዝራር ድረስም ልክ የሆነች ይመስላት ነበር።

የባንክ ደብዳቤ ግን አይከፈትም። ይሄም ሕግ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ግድም አንድ ደብዳቤ መጥቶ ትልቋ እየተንተባተበች አነበበችላት። "ወለድ" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደገመችው፣ ከዚያ "ከፍ ማለቱን" አለች። ገንዘብ ያዧ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም። በሰባተኛው ቀን ተነሥታ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የባንክ ወሬ እዚህ ቤት አይሰማም። መክፈላችንን እኛ እናውቃለን፣ የቀረው ሟርት ነው" ብላ ቆረጠች። ባሏ ማንበብ ያውቃል፤ ግን በገንዘብ ነገር ከእሷ ጋር መሟገት ከተወ ቆይቷል። ፖስታው ደግሞ ትልቅ፣ ነጭ፣ ወፍራም ወረቀት ነው። አይጣልም። ጀርባው ላይ የወሩ አስቤዛ ይጻፍበትና ወጥ ቤቱ በር ኋላ ባለው ሚስማር ይሰካል።

"እማዬ፣ አንዴ ብቻ ልክፈተው" ትላለች ትልቋ።

"አትንኪው። ጀርባው ይቀደድብኛል።"

የዛሬ ስድስት ወር አካባቢ ቀለም ቀቢው ማሳል ጀመረ። ቀድሞም ያስል ነበር፣ ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ ከሆዱ የሚመጣ፣ ጎንበስ የሚያደርገው። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ "አባት፣ ይሄ ቀለም ሳንባዎን ጨርሶታል። መሰላሉን ይተዉት። ዛሬ ነው የምልዎት፣ ነገ አይደለም" አለው።

ገንዘብ ያዧ ከባሏ ጋር ቤት ገብታ የወተቱን ጣሳ ገለበጠች። ስድስት አዝራር።

"ስድስት ናት" አለችው። "ስድስት ወር ከቻልክ፣ ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ እንኳ አትወጣም። አሁን ካቆምክ የእኔ ብቻ አይበቃም። ሁለት ወር ሳይከፈል ካለፈ ደግሞ ታውቀዋለህ።"

ያውቀዋል። ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው የልብስ ሰፊው ቤት በር ላይ የባንክ ሐራጅ ወረቀት ሲለጠፍ ሁለቱም ቆመው አይተዋል።

"እስካሁን የሮጥነው ለዚህች ስድስት አይደል" አለ እሱ። "እችላለሁ።"

በዚያው ሳምንት አንድ ነጭ ፖስታ ከባንክ መጣ። እሷም እንደ ልማዷ ገልብጣው በትልልቅ ፊደል ጻፈችበት፦ ሳሙና። ዘይት። የሳል ሽሮፕ፣ ትንሹን ጠርሙስ። ከዚያ ሚስማሩ ላይ ሰካችው።

እነሆ አምስቱ አዝራር አለቀ። የመጨረሻዋ ሰማያዊ ናት፣ ባለ አራት ቀዳዳ። ጠዋት ከጣሳው አውጥታ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት፤ ከፍላ ስትመለስ በደንብ አድርጋ ብስኩቱ ጣሳ ውስጥ ልትጥላት። ከላውንደሪ ቤቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። አሠሪዋ "አንቺ ፈቃድ? ዛሬ ዝናብ ይጥላል" ብሎ ተገረመባት።

ባንክ ቤት ሁልጊዜ የምትሄድበት መስኮት ላይ ያችው ልጅ ነበረች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች፣ ማህተም ስትመታ ጠረጴዛው የሚነቃነቅባት።

"እንደምን ዋሉ እናቴ።"

"ደህና ነኝ የኔ ልጅ። ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ገንዘቡን ተቀበዪኝና የቤቴን ካርታ ስጪኝ።"

ልጅቷ ሳቅ ብላ ኮምፒውተሯን ነካካች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። እንደገና ነካካች።

"እናቴ፣ ይሄ ብድር እኮ ተዘግቷል።"

"ማን ዘጋው?"

"እርስዎ ነዎታ።"

"እኔ እንግዲህ ልዘጋው መምጣቴ ነው።"

"አይ፣ ካለቀ አምስት ወር አልፎታል። ይኸውልዎት፣ በየጊዜው ተጨማሪ ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ያ ከዋናው ነው የሚቀነሰው። ዋናው ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል። እርስዎ ካሰቡት ቀድሞ አለቀልዎት።" ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ቀዳዳ አየቻት። "እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤ ልከንልዎት ነበር እኮ።"

"ምን ዓይነት ደብዳቤ?"

"ትልቁ ነጭ ፖስታ።"

ገንዘብ ያዧ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች።

"እና እስካሁን የማስገባው? አንቺው አይደለሽ ማህተም የምትመቺልኝ?"

"ሂሳብዎ ውስጥ ተቀምጧል፣ አልተነካም። እኔ ገቢ ሲያደርጉ እቀበላለሁ እናቴ፤ ስለ ብድሩ ጠይቀውኝ አያውቁም።"

እውነቷን ነው። አልጠየቀችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ገንዘብ ሰጥታ፣ ደረሰኝ ተቀብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከመውጣት በቀር አንድ ቀን አፏን አልከፈተችም። መጠየቅ አለማወቅን መናገር ይመስላታል።

"ካርታውን ለመውሰድ ከባለቤትዎ ጋር መጥታችሁ ትፈርማላችሁ" አለች ልጅቷ። ከኋላ የተሰለፈ አንድ ሰውዬ ሰምቶ "ታድለሽ እናቴ፣ ለኛም ይድረሰን" አላት። አሜንም ሳትል ወጣች።

መንገድ ላይ በአዝራር ሳይሆን ባሏ በአምስቱ ወር በያዘው ሥራ ቆጠረች። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ። የትምህርት ቤቱ ደረጃ። አሁን የያዘው አዲሱ የቢሮ ሕንፃ። በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ቀለሙ በማሽን የሚረጭ ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን ያንን ጉም ሲውጥ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ተጋድሞ መተኛት አልቻለም። ግድግዳ ተደግፎ፣ እንደተቀመጠ ነው የሚያድረው። እሷ አጠገቡ ተኝታ ትንፋሹን ስትሰማ ታድራለች፤ ስትሰማም "ሦስት ቀርታለች፣ ሁለት ቀርታለች" ትላለች በልቧ።

መጀመሪያ ቤት ገባች። ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው። ወጥ ቤቱን በር ዘግታ ኋላውን አየች። ፖስታው ሚስማሩ ላይ አለ፣ በላዩ ሌላ ሦስት የዕቃ ዝርዝር ተሰክቶበት፣ ዘይት ነክቶት። ቆማ አየችው። "ዛሬ አለቀ" ብትለው ማን ያውቃል? ፖስታውን ምድጃ ውስጥ ብትከተው ማን ይጠይቃታል? እሱ ደስ ብሎት ይወርዳል፣ እሷም እንደተከበረች ትኖራለች። እጇን ወደ ምድጃው ሳይሆን ወደ ሚስማሩ ዘረጋች፣ መልሳ አወረደች፣ እንደገና ዘረጋች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሷ ሁለቱንም ሆና አምስት ወር ይዛ ቆይታለች፤ ከእንግዲህስ መልቀቅ አለባት። ነቅላ በብብቷ ይዛው ወጣች።

የቢሮው ሕንፃ ገና በር የለውም፣ መስኮቱ ላስቲክ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አገኘችው፤ አፉን በጨርቅ አስሮ፣ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ የጣሪያውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። የሥራ ሸሚዙ አንገቱ ላይ አዝራር የለውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሌለው እሷም አታስታውስም።

"ውረድ" አለችው።

ዞር ብሎ ሲያያት መሰላሉ ተወዛወዘ። "ምን ሆነሽ ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ውረድ።"

"ይቺን ጠርዝ ላድርሳት። በመሀል ከደረቀ መስመር ይወጣበታል።"

"ይውጣበት።"

ሥራ ይበላሽ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ወረደ። ሦስት ደረጃ ወርዶ አሳለ፣ ግንባሩን መሰላሉ ላይ አስደግፎ ቆየ፣ እንደገና ወረደ። የቀለም ባልዲ ደፍቶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን ከአፉ ፈታ። ጨርቁ በውስጥ በኩልም ቀለም ገብቶበት ነጭ ነበር።

"አለቀ?" አላት።

"አለቀ።"

"ተመስገን" አለ፤ ከባድ ጆንያ ከትከሻው እንደሚያወርድ ሰው ነው ያለው። ዓይኑን ጨፈነ። "እሰይ። እኔ እኮ አልደርስበትም ብዬ ነበር፣ አልነገርኩሽም እንጂ። ዛሬ አለቀ በይኛ።"

ፖስታውን ሰጠችው።

ጀርባውን አየና ፈገግ አለ። "የሳል ሽሮፕ፣ ትንሹን ጠርሙስ። ይሄማ ያንቺ የእጅ ጽሑፍ ነው።"

"ውስጡን አንብበው።"

በአውራ ጣቱ ቀደደው። ወረቀቱ ላይ ነጭ የጣት አሻራ ቀረበት። አንብቦ ጨረሰና ወደ ላይ ተመልሶ ቀኑን አየ። ፖስታውን ገልብጦ የእሷን ጽሑፍ አየ፣ መልሶ ቀኑን አየ።

"አምስት ወር።"

"አምስት ወር ከምናምን።"

"እንግዲህ የዳቦ ቤቱ ጣሪያ።"

"አዎ።"

"የትምህርት ቤቱ ደረጃ።"

"አዎ።"

ወረቀቱን አጠፈው። ታች ሰው ሲሚንቶ ሲዝቅ አካፋው ይሰማል። እሷ እንደቆመች ናት።

"ገንዘቡ አለ" አለችው። "ልጅቷ አሳይታኛለች፣ አንድም አልጎደለ። የአምስት ወሩ እንዳለ ነው።"

"ስለ ገንዘቡ መች ጠየቅኩሽ?"

"ስደበኝ እሺ።"

"በምን ትንፋሼ" አላት። አሳለ፣ ደረቱን ይዞ ጠበቀው፣ አለፈለት። "በዱቤ ያዢልኝ። ትንፋሽ ሳገኝ እሰድብሻለሁ።"

"ዱቤ አልወድም።"

"አይደል?" አለ እሱ። ሊስቅ ነበር፣ አልሆነለትም፤ እሷም አልሳቀችም። አጠገቡ ሌላ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች። እግሯ አብጧል።

ሊሄዱ ሲሉ ብሩሹን ልጠብ አለ። "ሲደርቅ ይበላሻል።" ተቀበለችውና እሷ አጠበችው፤ ነጩ ውሃ እስኪጠራ ድረስ ሦስት ጊዜ ውሃ ቀየረችለት። ብሩሹ ከእንግዲህ ምን እንደሚሠራ አንዳቸውም አልጠየቁም። ውጪ ሲወጡ እሱ እንደ ልማዱ ወደ ሦስተኛው ፌርማታ መራመድ ጀመረ። እጅጌውን ያዘችው።

"እዚሁ እንሳፈር።"

"አመመሽ እንዴ?"

"ዝም ብለህ ቁም።"

የሁለት ሰው ከፈለች። መልሱን ግን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

ልጆቹ ሲመጡ ቀለም ቀቢው ወንበር ላይ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ገና ፀሐይ ሳለ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ትልቋ ቆማ አነበበችው፣ ቀኑ ላይ ስትደርስ ወደ በሩ ኋላ፣ ወደ ባዶው ሚስማር አየች። የምትናገረው ብዙ ነበራት። እናቷን አየችና ዋጠችው።

"በይ ተናገሪ" አለች እናቷ። "ልክፈተው ስትዪኝ ነበር። ልክ ነበርሽ።"

"እኔም ደብቄ መክፈት እችል ነበር፣ እማዬ።"

ትንሿ ግን የገባት ሌላው ነው። "አሁን ሀብታም ነን?"

"አይደለንም። አባትሽ ከእንግዲህ አይሠራም። የአምስት ወሩ ገንዘብ ለሕክምናው ነው። ሐሙስ ባንክ ፈርመን፣ አርብ ትልቁ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"አምፑልስ?"

ገንዘብ ያዧ ከመቀነቷ ገንዘብ ፈታች። "ሁለት ገዝተሽ ነዪ። ርካሹን። ከመክፈልሽ በፊት እያበራ አሳዪኝ በዪው።"

ልጅቷ እየሮጠች ወጣች። ገንዘብ ያዧ እጇን ኪሷ አስገብታ ሰማያዊዋን አዝራር አገኘቻት። የብስኩቱ ጣሳ ከመደርደሪያው ላይ አለ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ አዝራር በሆዱ ይዞ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከዚያ ውስጥ አንዷን አንስታ ለባሏ አልተከለችለትም፤ ቁጥር ይዛባል ብላ። የሥራ ሸሚዙን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሣችው። ከእንግዲህ የሚለብስበት ሥራ የለም። ቢሆንም መርፌና ክር አወጣችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

ሰማያዊዋ ከሌሎቹ ነጮች ጋር አትገጥምም። በአራቱም ቀዳዳ አጥብቃ ሰፋቻት። ቀለም ቀቢው በእንቅልፉ አሳለ፤ እጇን አቁማ ጠበቀች፤ ትንፋሹ ሲመለስ ቀጠለች።

በመጨረሻው ስፌት ላይ ሳለች ትንሿ አምፑሎቹን ታቅፋ ገባች። "እማዬ፣ መሽቷል እኮ። ላብራልሽ?"

"ተዪው" አለች እናቷ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ገና ይታየኛል።"